ካሰችና የተቆለፈው ማይክሮስኮፕ

ካሰች ደበሌ የክሊኒኩን ቁም ሳጥን የሰበረችው በቀን ብርሃን፣ ሰው ሁሉ እያያት ነው። ከዘበኛው መዶሻ ተቀበለች፤ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው በተቀመጡት ሕሙማን መካከል አልፋ ገባች፤ ጓጉንቸሩን ሁለቴ መታችው። በሦስተኛው ከነማጠፊያው ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ባህሩ ድምፁን ሰምቶ እየሮጠ ሲደርስ፣ እሷ ማይክሮስኮፑን አንድ እጇን ከሥሩ፣ አንድ እጇን ከክንዱ አድርጋ ወደ መስኮቱ እየወሰደችው ነበር።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አላት።

"ሥራ ልሠራ ነው፣ አቶ ባህሩ" አለችው፤ ዞር ብላም አላየችው።

ጊዜው 1976 ዓ.ም.፣ ሐምሌ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ነው። ሐዋሳ፣ ያኔ አጠራሯ አዋሳ፣ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ግንቧን ኖራ እየቀባች ነበር። ክሊኒኳ አዲስ ከተማ ከሚባለው ሰፈር ወጣ ብሎ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ጭቃ መንገድ ዳር ያለች ባለ አራት ክፍል ቤት ናት። የምታክመው የአካባቢውን ነዋሪና በቅርብ ያለ አንድ የመንግሥት እርሻ ሠራተኞችን ነበር። ካሰች በዚያች ክሊኒክ በመንግሥት ወረቀት ላይ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ወለል ታጥባለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ መርፌ ትቀቅላለች።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባሏ በወባ ከሞተባት ወዲህ ቡሹሎ በሚባል መንደር በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ብቻዋን ትኖራለች፤ ጠዋት ጠዋት በእግሯ ትመጣለች። እምቢ ስትል ድምጿን አታነሣም፤ የሚያውቋት ሰዎች የሚፈሩትም ይህንኑ ነበር። በ1971 የምትጸልይበት የወንጌላውያን ጸሎት ቤት በመንግሥት ሲታሸግ ከሌሎች ጋር ተይዛ፣ "ከእንግዲህ ለጸሎት አልሰበሰብም" በሚል ወረቀት ላይ ፈርሚ ተባለች። "ብፈርምም መሰብሰቤ አይቀርም፤ ታዲያ ወረቀቱን ለምን እናበላሸዋለን?" አለቻቸው። ሦስት ሳምንት አስረው፣ ሳትፈርም ለቀቋት።

ማይክሮስኮፕ ያስተማራት ግዛቸው የሚባል የክሊኒኩ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ነው። የተዋወቁት በጠብ ነበር። አንድ ቀን ጠረጴዛውን ስትወለውል የማይክሮስኮፑንም ዓይን በሽርጧ ጫፍ ጠረገችው። ግዛቸው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

"እትዬ ካሰች፣ ከምትጠርጊው ብትተፊበት ይሻለኝ ነበር። አቧራው በጨርቅ ሲታሽ የሚያጎላውን መስተዋት፣ ሌንሱን፣ ይጭረዋል።"

"ይጫር፤ መስኮቱም ተጭሯል፤ ብርሃን ግን ያስገባል።"

ግዛቸው ሊቆጣ ብሎ ተወው። ከጋዜጣ ላይ አንዲት ትንሽ "ሀ" ፊደል በምላጭ ቆረጠና ስላይድ በሚባለው ቀጭን የመስተዋት ቁራጭ ላይ አድርጎ ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገባና፣ "በይ እይና ምን እንደሆነች ንገሪኝ" አላት። ካሰች መሠረተ ትምህርት ተምራ የምስክር ወረቀት የያዘች ሴት ናት፤ ፊደል አይጠፋትም። አጎንብሳ አየች።

"በ" አለች።

"እርግጠኛ ነሽ?"

ቀና ብላ ስላይዱን በባዶ ዓይኗ አየችው። "ሀ" ናት። ተመልሳ በሌንሱ አየች። አሁንም "በ" ናት፤ ያውም ቀለሟ የተበጣጠሰ፣ የወረቀቱ ጭረት እንደ ገለባ የተመሰቃቀለባት ትልቅ "በ"። ስላይዱን ወደ ቀኝ ስትገፋው ፊደሏ ወደ ግራ ሸሸች።

"ይህ ዕቃ ይዋሻል" አለች።

"አይዋሽም፤ ይገለብጣል። ብርሃኑ ሌንሱን ሲያልፍ ከላይ የመጣው ወደ ታች፣ ከግራ የመጣው ወደ ቀኝ ይሻገራል። መገልበጡን ካወቅሽ የሚነግርሽ ሁሉ እውነት ነው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ካሰች ሥራዋን ማልዳ ትጨርስና ከግዛቸው አጠገብ ትቆማለች። እሱም ደስ አለው፤ በወባ ወራት ስላይዱ እየተቆለለ ዓይኑን ያመው ነበርና። ያስተማራት ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ ብርሃኑ በሚሄድበት መንገድ ነው። ከሁሉ በታች እንደ ፊት ማያ ያለ መስተዋት አለ፤ ብርሃንን ከመስኮት ተቀብሎ ወደ ላይ ይልካል። ከመስተዋቱ በላይ ያለው ሌንስ የተበተነውን ብርሃን ሰብስቦ ስላይዱ ላይ ያሳርፈዋል። በዚያ መካከል እንደ ዓይን ብሌን የሚጠብና የሚሰፋ ቀዳዳ አለ። ስላይዱን ያለፈው ብርሃን ታችኛው ሌንስ ውስጥ ይገባል፤ ሌንሱ የነገሩን ምስል አጉልቶ ቱቦው ውስጥ ያቆመዋል። ላይ፣ ከዓይን አጠገብ ያለው ሌንስ ደግሞ ያንን ምስል ተቀብሎ እንደገና ያጎላዋል።

"የታችኛው መቶ እጥፍ፣ የላይኛው አሥር እጥፍ ቢያጎላ ስንት ይሆናል?" አላት።

"መቶ አሥር።"

"አይደለም። አንዱ ያጎላውን ነው ሌላው የሚያጎላው። ይባዛል እንጂ አይደመርም።"

"ሺህ ነዋ" አለች፤ ቀጥላም፣ "ለምን በሺህ እናቆማለን? አንድ ሌንስ ጨምረህ አሥር ሺህ አታደርገውም?" ብላ ጠየቀችው።

ግዛቸው ሳቀ። "ወፍራም ጓንት አጥልቄልሽ ጤፍ ልቀሚ ብልሽ ትችያለሽ? ብርሃንም የራሱ ውፍረት አለው በይ። ከዚያ ያነሰን ነገር ለይቶ መያዝ አይችልም። ከዚህ በላይ ብታጎይው የምታጎይው ብዥታውን ነው።"

በትልቁ ሌንስ ሲታይ ስላይዱ ላይ የሚንጠበጠበውን የዘይቱንም ነገር በሐይቁ አስረዳት። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ሲነክር የተሰበረ የሚመስለው፣ ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ ነው። ከስላይዱ መስተዋት ወደ አየር ሲወጣም እንዲሁ ይታጠፍና ብዙው ከሌንሱ አፍ ውጭ ይቀራል። በትልቁ ሌንስና በስላይዱ መካከል አንድ ጠብታ ዘይት ከገባ ግን፣ ዘይቱና መስተዋቱ ለብርሃን አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሳይታጠፍ ያልፋል። ሌንሱን ወደ ስላይዱ ስታወርድ ከጎን እያየች እንድታወርድ፣ ምስሉን ስትፈልግ ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ እያነሣች እንድትፈልግ፣ ስላይድ የሚሰበረው በሚቸኩል ሰው እጅ እንደሆነ ነገራት። በሁለተኛው ዓመት ግዛቸው እሷ ያየችውን ስላይድ መልሶ ማየት ተወ።

በግንቦት 1976 ግዛቸው ወደ ሰሜን ዘመተ። ላቦራቶሪው ባለሙያ የለውም ተባለ፤ ማይክሮስኮፑ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት፤ ቁልፉን አቶ ባህሩ ኪሱ ከተተው። ባህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ በድሬሰርነት፣ ቁስል እያጠበና መርፌ እየወጋ የሠራ፣ ብዙ ሰው ያዳነ፣ ነገር ግን ስድስት ልጅ ያለውና ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ነው። ካሰች ቁልፉን ስትለምነው፣ "የጽዳት ሠራተኛ የመንግሥት ላቦራቶሪ ከፈተች ብለው ሁለታችንንም ያስገቡናል" ብሎ ከለከላት።

በሰኔ አጋማሽ እርሻው ለአረምና ለበዓሉ ዝግጅት ከየአውራጃው ሦስት መቶ ያህል ሠራተኞች አስመጥቶ በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ አሳደራቸው። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ያዛቸው። ባህሩ እንደ ልማዱ ለሁሉም የወባ ክኒን ሰጣቸው። ሰዎቹ አምስት ስድስት ቀን ይነድዱና ይሻላቸዋል፤ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሰው ይወድቃሉ። የአንዳንዶቹ ዓይን ቢጫ ሆነ፣ አንዳንዶቹን ነሰራቸው። በሐምሌ ሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሰዎች ሞቱ።

ካሰች ግን ገና በሐምሌ መጀመሪያ፣ ከባህሩ በፊት አንድ ነገር አይታ ነበር፤ ያየችውም መጥረጊያ ይዛ ነው። ሕሙማኑ የተቀመጡበትን አግዳሚ ስትጠርግ፣ ጋቢና ብርድ ልብሳቸውን ስታራግፍ ቅማል ይረግፋል። አንድ ሁለት አይደለም፤ በየስፌቱ ሰልፍ የያዘ ቅማል ነው። ለባህሩ ነገረችው፤ ባህሩም ልቡ ጠርጥሮ ለእርሻው የፖለቲካ ኃላፊ ለጓድ ፍቅሬ ነገረው። ጓድ ፍቅሬ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ካኪ ለባሽ ካድሬ ነው። በበዓሉ ሰሞን ከአዲስ አበባ ጎብኚዎች እርሻውን እንዲያዩ ተወስኗል፤ የሁሉም ነገር ተጠያቂ እሱ ነው።

"በአብዮታዊ እርሻ ውስጥ ቅማል የለም" ብሎ መለሰ። "ወባ ነው፤ ወባ በሉ፤ ወባ ብላችሁ ጻፉ።"

ባህሩም ወባ ብሎ ጻፈ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ወባ ከማለት አልተመለሰም።

በሐምሌ መጨረሻ ረቡዕ ቀን ደምሴ የሚባል ሠራተኛ በሁለት ጓደኞቹ ትከሻ ተደግፎ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ባለፈው ሳምንት ተሽሎት ለካሰች የውሃ ባልዲ የተሸከመላት ሰው ነው። አሁን ዓይኑ እርድ መስሏል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ደም ይላል። ባህሩ የወባውን ክኒን ጠርሙስ ሲያነሣ ካሰች አየችና ባልዲዋን አስቀምጣ መዶሻ ልትቀበል ወደ ዘበኛው ሄደች።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ካሰች ማይክሮስኮፑን በመስኮቱ ሥር አቆመችና መስተዋቱን ወደ ሰማይ አዞረችው። ሰማዩ ደፍኗል፤ ይህ ግን አላሳሰባትም። ግዛቸው ፀሐይዋን ራሷን በመስተዋት መጥለፍ ዓይን እንደሚያጠፋ፣ ከሁሉ የሚሻለው የነጭ ደመና ብርሃን እንደሆነ ነግሯታል። ከደምሴ ጣት ደም ወሰደች፤ ስላይዱ ላይ በስሱ ጎተተችው፤ አድርቃ፣ ተውሳክን ለይቶ ከሚያሳየው የላቦራቶሪ ቀለም ከተረፈው ቀባችው። የዘይቱ ጠርሙስ ደርቆ ነበር። ከመድኃኒት መደርደሪያው ለሆድ ማስለቀቂያ የተቀመጠውን የጉሎ ዘይት አወረደች፤ ግዛቸውም በቸገረው ጊዜ እሱኑ ይጠቀም ነበር። አንድ ጠብታ ጣለች፣ ሌንሱን ከጎን እያየች አወረደች፣ ከዚያ አጎንብሳ ቀስ እያለች ወደ ላይ አነሣች።

ብዥታው ጠራ። ቀይ የደም ሕዋሳቱ እንደተበተነ ሳንቲም ተዘርግተዋል። ወባ ፈለገች፤ የለም። ስላይዱን ገፋ አደረገችው። በሕዋሳቱ መካከል ቀጭን፣ የተጠማዘዘ፣ ሐምራዊ ክር አየች። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሦስት አንድ ላይ። ግዛቸው ከዓመት በፊት ከእስር ቤት የመጣ አንድ በሽተኛ ደም ውስጥ ይህንኑ አሳይቷት ስሙን ነግሯታል።

"አቶ ባህሩ፣ ይምጡ" አለች።

ባህሩ አየ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ቀና ሲል ፊቱ ላብ አውጥቷል። "ግርሻ ነው" አለ። "ቅማል የሚያመጣው፣ እየተሻለ የሚመለስ ትኩሳት።" ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና፣ "ሁለቱን ሰዎች ወባ ብዬ ነው የቀበርኳቸው" አለ።

ዘበኛው ወሬውን አድርሶ ኖሮ ጓድ ፍቅሬ በላንድ ሮቨር መጣ። የወደቀውን ጓጉንቸር በጫማው ገፋ አድርጎ አለፈ።

"የሕዝብ ንብረት ማን ሰበረ?"

"እኔ ነኝ" አለች ካሰች።

"ወለሉን ጨረስሽ?"

"አልጨረስኩም። መጀመሪያ ይህን ይዩ።"

ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ግን በኮሪደሩ ሠራተኞች ተሰብስበው ያያሉ። አጎነበሰ። "ጥቁር ነገር አየሁ፤ ወፍራም ነው" አለ።

"የራስዎ ሽፋሽፍት ነው። ትንሽ ራቅ ይበሉ፤ ሁለቱንም ዓይንዎን ከፍተው ይዩ።"

ሁለተኛ ሞከረ። ቀና ብሎም፣ "ክር ነው" አለ። "ከጨርቅሽ የወደቀ ክር ነው። በክር ነው እርሻ የምታሸብሩት?"

"ሊሆን ይችላል" አለች ካሰች። ባህሩ ደንግጦ አያት። "በደረቀ ደም ላይ ክርም ክር ነው፤ ተውሳኩም ክር ይመስላል። እንግዲያው ሕያው ደም እንይ። ክር አይራመድም።"

የራሷን ጣት ወጋች። አንድ ጠብታ በአዲስ ስላይድ ላይ፣ በላዩ ቀጭን መስተዋት፤ ቀለም የለ፣ ምንም የለ። የደምሴንም እንዲሁ አደረገች። መካከለኛውን ሌንስ አዞረች። ያለ ቀለም ሁሉም ነገር ብርሃኑ ውስጥ ሟሟ፤ ቀዳዳውን ጠበብ አደረገችው፤ ብርሃኑ ሲቀንስ የሕዋሳቱ ጠርዝ ደመቀ።

"መጀመሪያ የእኔን ይዩ።"

ፍቅሬ አየ። ሕዋሳቱ ተኝተዋል፤ አንዳንዴ አንድ ላይ ሸርተት ይላሉ እንጂ ፀጥ ብለዋል።

"አሁን የደምሴን።"

ፍቅሬ አጎንብሶ ቀረ። በዚህኛው ደም ውስጥ ሕዋሳቱ አላረፉም። አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ይሽከረከራል፤ በመካከላቸው እንደ ሽቦ የተጠመዘዘ ቀጭን ነገር እየተምዘገዘገ ያልፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጋጫል። ፍቅሬ ሳያስበው እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና ከኮሌታው ሥር አከከ። ኮሪደሩ ላይ ያለ አንድ ሰው ሳቀ።

ፍቅሬ ቀና አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይህ ነገር ከዚህ ክፍል አይውጣ" አለ።

"ከክፍሉማ ከወጣ ሰንብቷል፣ ጓድ። በሸሚዛቸው ስፌት ነው የሚሄደው። ወባ ብለው ቢጽፉትም፣ ድል ብለው ቢጽፉትም መሄዱን አይተውም።"

"ጎብኚ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። ይምጡ። መጋዘኑ ውስጥ ሬሳ ከሚያዩ ሰው በበርሜል ልብስ ሲቀቅል ቢያዩ ይሻላል።"

ፍቅሬ ወደ መኪናው ወጣ። መኪናው ሲሄድ ባህሩ ከወንበሩ ተነሣ። ማንንም አልጠየቀም፤ የፔኒሲሊኑን ጠርሙስ ከፍቶ ደምሴን ወጋው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደምሴ አልጋው እስኪነቃነቅ ድረስ ተንቀጠቀጠ፤ በመስኮት የሚያዩት ጓደኞቹ "ገደሉት" ብለው ጮኹ። ባህሩ ግን ሃያ ዓመት ሰው ሲያክም ያላወጣውን ድምፅ አወጣ። "ዝም በሉ! ተውሳኩ ሲሞት ነው እንዲህ የሚያደርገው። ከአጠገቡ አልነሣም" አላቸው። አልተነሣምም። በማግስቱ ጠዋት ደምሴ ሾርባ ጠጣ።

ካሰች ደግሞ የማንንም ፈቃድ አልጠበቀችም። መጋዘኑ በር ላይ ቆማ ለሠራተኞቹ ያየችውን ነገረቻቸው። "ልብሳችሁ ካልተቀቀለ መርፌው ዛሬ ቢያድናችሁ ነገ ትመለሳላችሁ" አለቻቸው። ሰዎቹ ልብሳቸው ሳይቀቀል መጋዘን አንገባም፣ እርሻም አንወርድም አሉ። ሦስት የናፍጣ በርሜሎች እየተንከባለሉ መጡ፤ እሳት ተነደደ። ሦስት መቶ ሰው ጆንያ አገልድሞ በካፊያ ቆሞ ሸሚዙን ሲያስቀቅል ዋለ። ፍቅሬ ከሩቅ ሆኖ አየና አልከለከለም፤ በሦስተኛው ቀን ከየት እንዳመጣው ሳይናገር አንድ ካርቶን ፔኒሲሊን ላከ። ከዚያ ወዲህ የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሲመጣ አፉ መናገር ያቃተው ነበር።

በነሐሴ ካሰች ለስብሰባ ተጠራች። ጥፋቷ ተነበበ፦ የመንግሥት ንብረት ሰብራለች፤ ያለ ሥልጣኗ ምርመራ አካሂዳለች፤ ሠራተኛውን አሳምፃለች። ጥፋቷን በራሷ አፍ አምና ግለ ሂስ እንድታደርግ ተጠየቀች። ካሰች ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

"ጥፋት አለብኝ" አለች። "ቅማሉን ያየሁት በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ሳጥኑን የሰበርኩት በሐምሌ መጨረሻ ነው። በመካከሉ ሦስት ሳምንት ቁልፍ ስለምን ሁለት ሰው ሞተ። ጥፋቴ ዘግይቼ መስበሬ ነው። ሁለተኛ አልዘገይም።"

ቁጭ አለች። ሰብሳቢው ሌላ የምትጨምረው እንዳለ ጠየቃት። "የለኝም" አለች። ከወደ ኋላ መጀመሪያ ያጨበጨበው ደምሴ ነበር፤ ሌሎች ተከተሉት፤ ሰብሳቢው ጠረጴዛ እየመታ አስቆማቸው።

ቅጣቷ ወደ እርሻው ከብት በረት መዛወር ሆነ። ሦስት ወር ፍግ ዛቀች። ለማንም አላማረረችም፤ ይቅርታ ጠይቂ ተብላም አልጠየቀችም። በኅዳር ወባው ሲያይል አቶ ባህሩ ባለሙያ ላኩልኝ ብሎ ለበላዮቹ ሁለት ደብዳቤ ጽፎ መልስ ሲያጣ፣ ራሱ ጫማውን በፍግ እያበላሸ በረት ድረስ መጣ።

"ስላይድ ተከምሯል፤ የሚያይልኝ አጣሁ" አላት።

"አስፈቅደዋል?"

"አላስፈቀድኩም" አለ ባህሩ። ካሰች አካፋዋን አስደግፋ ተከተለችው። ማንም መጥቶ ወደ በረቱ አልመለሳትም።

ግዛቸው ከሰሜን አልተመለሰም። ካሰች በአርባ ሁለት ዓመቷ የማታ ትምህርት ቤት ገብታ፣ በዕድሜ ልጆቿ ከሚሆኑ ሴቶች ጋር አንድ ዴስክ ተቀምጣ ስምንተኛ ክፍልን ጨረሰች፤ በወረቀት ላይ ግን ሥራዋ ያው ጽዳት እንደሆነ ቀረ። በየወሩ ወደ አውራጃው ጤና ቢሮ የሚላከው የምርመራ ቅጽ ከግርጌው "የመርማሪው ስምና ፊርማ" የሚል መስመር አለው። ባህሩ ባዶ እንድትተወው መከራት። እሷ ግን "ካሰች ደበሌ፣ የጽዳት ሠራተኛ" ብላ ሞልታ ፈረመች። ቅጹ "ይስተካከል" ተብሎ በቀይ ተሰርዞ ተመለሰ። በአዲስ ቅጽ ላይ ያንኑ ጽፋ ላከችው። እንደገና ተመለሰ። ሦስተኛ ቅጽ አውጥታ፣ ፊደሉን ጎላ አድርጋ፣ ያንኑ ጻፈች።

ሦስተኛው አልተመለሰም።